ከውርጌሳ እስከ ወልድያ፦ ሻምፓኝ ፍለጋ

ከውርጌሳ መነሻ

ሐሙስ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ነጠላዬን አጣፍቼ ከቤት ወጣሁ። ጥር ነው፤ ሰርግ የሌለበት ቀበሌ የለም። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ የጎረቤቴ ልጅ አየኝና፣ «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ የየትኛው ታቦት ንግሥ ነው?» አለኝ። እግሬ አርፎ እንደማይቀመጥ አገር ያውቃል፤ ግሸን ብትሉ ላሊበላ ብትሉ የማልደርስበት የለም።

«ዛሬስ ንግሥ አይደለም። ሻምፓኝ ልገዛ ነው» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ ጉድ! ጠጅ ጣይዋ ጠጁን ከዳችው በሉኛ!»

እውነቱን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጠጅ ስጥል የኖርኩ ሴት ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ልጄ ሙሉ ስታጠና አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ጥጥ እየፈተልኩ ጣቷን እከተላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የአማርኛውን ጨረስኩ። የፈረንጁን ግን አላውቀውም፤ የሻምፓኝ ጠርሙስ ላይ ያለው ደግሞ ሁሉም የፈረንጅ ነው።

የሄድኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የልጅ ልጄ ቃልኪዳን እሑድ ታገባለች። እናቷ፣ ልጄ ሙሉ፣ ቤሩት ናት። የሄደችው ቃልኪዳን የወተት ጥርሷን ስትነቅል ነው፤ ይኸው ልጅቱ ለወግ ለማዕረግ ደረሰች። ሙሉ ለሰርጉ ልትመጣ ብዙ ለፋች። የመኖሪያ ወረቀቷ አልተስተካከለም፤ አንዴ ከወጣች መመለሻ የላትም። እንደማይሳካ ባወቀች ቀን ደወለችልኝ።

«እማዬ፣ እዚህ ስንት ሰርግ አሳለፍኩ መሰለሽ» አለችኝ። «ብርጭቆውን የማጥበው እኔ፣ የምደረድረው እኔ። ሻምፓኙ ሲከፈት ግን ሁልጊዜ ማድ ቤት ነኝ። ጧ ሲል ነው የምሰማው። ‹ይኸው፣ የሰው ልጅ ተዳረች› እላለሁ። አንድ ቀን እንኳን በራሴ ልጅ ልስማው። ጥሩውን አንቺ ምረጪልኝ፤ ሲከፈት ስልኩን አስጠጊና ድምፁን አሰሚኝ።»

ብርም ላከች። ቃልኪዳን «እማማ፣ አንቺ ምን አደከመሽ፣ ሚዜዎቹ ያመጡታል» ብላኝ ነበር። እንቢ አልኩ። ልጄ ያዘዘችው እኔን ነው።

መርሳ

ከውርጌሳ መርሳ ሰባ ብር ከፈልኩ። ባለፈው ወር ሃምሳ ነበር፤ ነዳጅ ነው አሉ። በስተግራ ተራራው፣ በስተቀኝ ወደ ቆላው የሚዘረጋው ሜዳ አብሮን ይሄዳል። የማሽላው አገዳ ተቆርጦ እየተከመረ ነው። ውኃ የሚገባበት መሬት ላይ ሽንኩርቱ አረንጓዴ ሆኖ ተነጥፏል። ወደ መርሳ ሲጠጉ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ሰው ጋቢውን ያወርዳል። አስፋልቱ ዳር ሴቶች ፓፓያና ብርቱካን በሳፋ ደርድረው መኪና በቆመ ቁጥር ይሮጣሉ።

መርሳ መናኸሪያ ስወርድ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እቆማለሁ፤ ዛሬም ቆምኩ። ሙሉን የሸኘኋት እዚያ ጋ ነው። ለመንገዷ ብርቱካን ገዝቼላት ነበር። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል መስኮቱ ሥር ቆሜ ብጠራት ቀና አላለችም፤ እንዳታለቅስ ብርቱካኑን ትልጥ ነበር። እየላጠች፣ ልጣጩን ጉልበቷ ላይ እያስቀመጠች፣ አውቶቡሱ ታጠፈ። እኔ የልጄን ፊት ሳይሆን ማበጠሪያ የከፈለውን ፀጉሯን ነው ይዤ የቀረሁት።

ፍርፍር በሻይ በላሁ፤ መቶ ሃያ ብር። ከዚያ መጠጥ የሚሸጥ ሱቅ አፈላለግኩ። አንዱ ባለ ሱቅ ከመስኮቱ ላይ አንገቱን በወርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ጠርሙስ አወረደልኝ።

«ስንት ነው?»

«ለእርስዎ አራት ሺህ አምስት መቶ።»

«እሺ፣ እስቲ አቅምሰኝ።»

«ምኑን?»

«መጠጡን ነዋ! ሳልቀምስ ልግዛ?»

በኛ አገር መጠጥ ያቀረበ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ከዚያ ነው ለእንግዳ የሚሰጠው። ጠጅ ሊገዛ የመጣም ሳይቀምስ ብር አያወጣም። እኔ ቤት ቀምሶ ፊቱን አኮሳትሮ የሄደም አለ፣ ቀምሶ እስከ ማታ የተቀመጠም አለ።

ባለ ሱቁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እማማ፣ ይሄማ አንዴ ከተከፈተ ጨርሰውት ነው የሚሄዱት! አየሩ ይወጣል፤ አይከደንም።»

ጠርሙሱን ተቀበልኩት። እንደ ታመመ ሕፃን ግንባር ይሞቃል። የወርቁ ወረቀት በፀሐይ በኩል ያለው ነጥቷል። የፈረንጁን ፊደል ባላውቅም ይህን አውቃለሁ፤ ፀሐይ ላይ የከረመ መጠጥ ጠጅም ይሁን ወይን ነፍሱ ወጥቷል። አመስግኜ መለስኩለት። በሩ ጋ ሳልደርስ «ሦስት ሺህ ያድርጉት!» አለኝ። በሁለት እርምጃ ይህን ያህል የሚወርድ ዋጋ ይባስ አስፈራኝ።

ወልድያ

ከመርሳ ወልድያ መቶ ብር። በስሪንቃ አድርገን ዳገቱን ስንወጣ አየሩ ቀዝቀዝ አለ። ወልድያ ኮረብታ ላይ የተሰቀለች ከተማ ናት፤ ባጃጁ አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ነው የሚወጣው። ለባጃጁ ልጅ «ጥሩ ሻምፓኝ ያለበት አድርሰኝ» ስለው በመስታወቱ አይቶኝ፣ «እማማ፣ ሙሽራዋ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ። «ከወደድከኝ ምን ይከለክላል» አልኩት፤ እየሳቀ አደረሰኝ።

የመጀመሪያው ሱቅ ዘጠኝ ሺህ ብር ጠሩልኝ፤ ለምን እንደሆነ ብጠይቅ «ስም ያለው ነው» ከማለት በቀር የሚያስረዳኝ ጠፋ። ሁለተኛው ሱቅ ግን ትርንጎ የምትባል ሴት አገኘሁ። ብዙ ዘመን ሆቴል ባንኮኒ ላይ ሠርታ አሁን የራሷን የመጠጥ መደብር የከፈተች፣ ሳቂታ፣ ወፈር ያለች የወልድያ ልጅ ናት። ወንበር አወጣችልኝ። ስለ ሙሉም፣ ስለ ስልኩም፣ ስለ ዘጠኝ ሺሁም ነገርኳት። ሰማችኝና ጠርሙሶቿን ታወርድ ጀመር።

«እናታለም፣ እኛ ሁሉንም ሻምፓኝ እንለዋለን። በትክክል ሻምፓኝ የሚባለው ግን የፈረንሳይ የአንድ አውራጃ ወይን ነው። ያ ዘጠኝ ሺህ ያሉዎት እሱ ይሆናል፤ የአገሩን ስም ጭምር ነው የሚከፍሉት። ይሄ የጣሊያን ነው፣ ይሄ የስፔን። እነሱም የሚፈሉ ወይኖች ናቸው።»

«ከየትኛው ልግዛ ታዲያ?»

«አፈላሉን ይጠይቁ። አንዳንዱ ተራ ወይን ነው፤ እንደ ለስላሳ ጋዝ ይነፉበታል። ሲከፈት ይጮኻል፣ አረፋው ትልልቅ ነው፣ ወዲያው ይሞታል። ይሄ የስፔኑ ግን እዚሁ ጠርሙሱ ውስጥ ነው የፈላው፤ የፈረንሳዩም እንደዚያ ነው። አረፋው ደቃቅ ነው፣ ይቆያል።»

ይሄ ገባኝ። ጠጅም ቢሆን በራሱ ጊዜ የፈላውና በስኳር ተጣድፎ የተነሣው አንድ አይደሉም። ጠርሙሱን አንስቼ መዘንኩት፤ ከባድ ነው፤ ቂጡም ወደ ውስጥ ገብቷል። ትርንጎ ያን ሁሉ ግፊት የሚችለው ጠርሙሱ ወፍራም ስለሆነ ነው አለችኝ። ቡሹ እንዳይዘል በሽቦ ታስሯል። ቀዝቃዛና ጥላ ቦታ ነበር የተቀመጠው። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር።

«ድራይ ይሁን ወይስ ትንሽ ጣፈጥ ያለው? ዋጋቸው አንድ ነው» አለችኝ።

«ድራይ ምንድን ነው?»

«ስኳር የሌለበት። ሆቴል የሚመጡት ትልልቅ ሰዎች እሱን ነው የሚያዙት።»

ትልልቅ ሰው የሚያዘው ለልጄ ልጅ ቢያንስባት እንጂ አይበዛባትም ብዬ ድራዩን ገዛሁ። ትርንጎ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ፤ እኔ ደግሞ በነጠላዬ ጫፍ ደገምኩት። በያይነቱ በሁለት መቶ ብር በልቼ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሙሉ አብራኝ ብትሆን ኖሮ ጠርሙሱን ማን ይያዝ እያልን እንጣላ ነበር እያልኩ ነው የሄድኩት።

ስሪንቃ ሳንደርስ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ብዙ ቆየን። ጠርሙሱ ጭኔ ላይ ነው። ሲሞቅ ተሰማኝ። መንገድ ጀምረን መኪናው ባንገጫገጨን ቁጥር በውስጡ ያለው ሲናጥ ይታወቀኛል። ጭንቀት ያዘኝ።

ይህን ጭንቀት ጠጅ የጣለች ሴት ትረዳዋለች። የሚፈላ ነገር አፉ ታንቆ አይያዝም። ጠጅ ሲነሣ ጋኑን ጥርቅም አድርጋ የከደነች ሴት ጋኑን ታጣለች፤ ከፈት አድርገሽ ታስተነፍሺዋለሽ። ይሄ ምስኪን ደግሞ በቡሽ ተወትፎ፣ በዚያ ላይ በሽቦ ታንቆ፣ በዚያ ላይ ሞቆት! ጠርሙሱ ፈንድቶ የሙሉን አደራ ጭኔ ላይ ሊበትንብኝ ነው ብዬ ሽቦውን ፈታ፣ ፈታ አደረግኩለት። ትንሽ እንዲተነፍስ ብዬ ነው።

መኪናው አንድ ጉድጓድ ገባ።

ጧ! አለ። ቡሹ ጣሪያውን መትቶ የት እንደገባ አላየሁም። ረዳቱ «ጎማ! ጎማ!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመ፤ ሁለቱም ዘለው ወርደው ጎማ እየዞሩ መርገጥ ጀመሩ። ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ አንገቱን ደፍቶ ከወንበር ሥር ገብቷል። ይሄ መንገድ በነዚህ ዓመታት ብዙ ነገር ሰምቷል፤ ሰው አይፈረድበትም። አጠገቤ ያለችው ወጣት እናት ልጇን በደረቷ ሸፍናዋለች። እኔ ብቻ ነኝ ቀጥ ብዬ የተቀመጥኩት፤ አረፋው ከእጄ ወደ ክርኔ፣ ከክርኔ ወደ ቀሚሴ ይወርዳል።

«ጎማ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። የልጅ ልጄ ሻምፓኝ ነው።»

አንገታቸውን የደፉት ቀና ቀና አሉ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት እልልታዋን ለቀቀችው። እልልታው አንዴ ከተነሣ ማን ያስቆመዋል! ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ «እማማ፣ ሰርጉ እዚሁ ከሆነ ቀድመው ይንገሩና መኪናውን እናስጊጠው!» አለ።

እኔ ግን እንባዬ መጣ። «ልጄ ቤሩት ናት» አልኳቸው። «ድምፁን በስልክ ልሰማው ብላኝ ነበር። ይኸው ድምፁን ስሪንቃ መንገድ ላይ ጣልኩት።»

ሳቁ ጠፋ። ከፊቴ የተቀመጡ ሽበታም ሼህ ነበሩ፤ ዞር ብለው አዩኝ። «አይዞሽ እህቴ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ የቀረውን ለሰው ስጪው፤ ምርቃት ይሁን» አሉኝ።

እውነትም ግማሹ አልፈሰሰም። የተከፈተ መጠጥ ወደ ቤት አይመለስም። እንደ ወጋችን መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩና ለሰው በውኃ ፕላስቲክ ክዳን ክዳን አዞርኩ። አንዱ ተጎንጭቶ ዓይኑን ጨፈነ። አንዷ ፊቷን እንደ ሎሚ አጨማደደች። «እማማ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ ረዳቱ። እልል ያለችው ሴት ብቻ «ደግሚኝ» አለች። እኔም ጣዕሙን አልወደድኩትም፤ ይቆመጥጣል፣ ምላስ ይነክሳል። የውርጌሳ ሽማግሌዎች ይህን ቢቀምሱ ለሙሽሪት የሚመርቁበት አፍ አይተርፋቸውም ነበር። አረፋው ግን ትርንጎ እንዳለችው ነው፤ ክዳኗ ውስጥ ሳይቀር ደቃቅ ደቃቁን እየለቀቀ ቆየ።

ሼሁ አልጠጡም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «አላህ ትዳሯን ያሳምርላት። አንቺንም ልጅሽን በዓይንሽ ያሳይሽ» ብለው ዱዓ አደረጉ። ክርስቲያኑም እስላሙም «አሚን» አለ። ያ «አሚን» እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሹፌሩ ከወዲያ የሚመጣ ሚኒባስ አስቁሞ፣ «እቺን እናት ወልድያ አድርስልኝ፤ ሂሳብ እንዳትቀበል፣ የሰርግ ሰው ናት» ብሎ አሳፈረኝ።

ዳግም ወልድያ

ትርንጎ ነጠላዬ እርሶ ስታየኝ ደነገጠች። ስነግራት ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ ቀና ስትል እሷም ዓይኗ እርሷል።

«ጠጅ መሰለዎት?»

«ጠጅ መሰለኝ።»

«ይሄ እኮ መፍላቱን ጨርሶ ነው የታሰረው! ሽቦው የሚፈታው ሊጠጣ ሲል ብቻ ነው።»

«አሁንማ ቀምሼዋለሁ» አልኳት። «ያንኑ የስፔኑን ስጪኝ፤ ግን ጣፈጥ ያለውን።»

ሙሉ የላከችው ብር ለሁለተኛው በቃ። ጠዋት በስም ተታልዬ ዘጠኝ ሺህ ብሩን አፍስሼው ቢሆን ኖሮ ባዶ ጠርሙስ ታቅፌ ነበር የምገባው። ትርንጎ አሁን በጋዜጣ ብቻ አልተወችኝም፤ እርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችበት፣ ሽቦውንም በፕላስተር ጠመጠመችው። «ይሄ ለእርስዎ እጅ ነው» አለችኝ።

ከመርሳ በኋላ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገባች። ሜዳው ሰማያዊ ሆነ። ከብት የሚያስገባ ሰው አቧራ ውስጥ ይታያል፣ ይጠፋል። ጠርሙሱን አቅፌ ልጄ በዚህ መንገድ ስትመለስ አሰብኩ፤ በየትኛው መስኮት ትቀመጥ ይሆን፣ የትኛውን ተራራ ቀድማ ታውቀው ይሆን እያልኩ ውርጌሳ ደረስኩ።

ቤት

ሻምፓኝ ለምትገዙ የምላችሁ ይህን ነው። መስኮት ላይ ፀሐይ የመታውን ተዉት። ስሙን ሳይሆን አፈላሉን ጠይቁ፤ ጠርሙሱ ውስጥ የፈላ ከሆነ ስም ካለው በሦስት እጅ በሚያንስ ዋጋ ጥሩ ነገር ታገኛላችሁ። ለሽማግሌና ለባልቴት ጣፈጥ ያለውን ውሰዱ። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ሽቦውን አትንኩ። የሚቻላችሁ ከሆነ ደግሞ ሁለት የሚገዛ ብር ይዛችሁ አንዱን ግዙ፤ መንገድ አይታወቅም።

እሑድ ድንኳኑ ሞላ። ሙሽራው ጠርሙሱን ያዘ፣ ሙሉ በስልክ መስመር ላይ ናት፣ እኔ ስልኩን እንደ ጧፍ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። ቡሹ ተፈናጠረ፤ እልልታው ድንኳኑን አነሣው። ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩ።

«እማዬ?» አለች ሙሉ። «ተከፈተ እንዴ? ምንም አልሰማሁም። ስልኩ ድንገት ዝም አለብኝ።»

ስልክ ድንገት የሚጮህ ድምፅ ሲመጣ አፍኖ ያስቀረዋል ብለው በኋላ ነገሩኝ። ያኔ ግን ስልኩን ይዤ ወደ ቃልኪዳን ዞርኩ። ቃልኪዳን ፊቴን አየች። ምንም ሳትጠይቀኝ ስልኩን ከእጄ ወስዳ የተቀዳው ብርጭቆ አፍ ላይ አስጠጋችው። በሌላ እጇ ለሙዚቃው ምልክት ሰጠች፤ ቆመ። ሚዜዎቹ ዝም አሉ፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ዝም አለ። እኔ ከቆምኩበት ሆኜ ሰማሁት፤ አረፋው ሽ... ሽ... ይላል፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቋረጥ።

«ሰማሁት» አለች ሙሉ። ቃልኪዳን የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍታው ስለነበር ሁላችንም ሰማናት። «በቆርቆሮ ላይ የሚጀምር ካፊያ ይመስላል። ቃልዬ፣ አታንሺው፣ ትንሽ ቆይ።»

ቃልኪዳን አላነሣችውም። ድንኳኑን የሞላው ሰው ብርጭቆውን ይዞ ቆሞ ጠበቀ። ሙሉ ሩቅ አገር ሆና «አሁንም አለ» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አሁንም አለ።» ብርጭቆው ዝም እስኪል ድረስ ከመካከላችን አንድም ሰው አልጠጣም።